የናቡቴ ርስት በቡርጎኝ

በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ንጉሥ አክዓብ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለችውን የናቡቴን የወይን ቦታ አይቶ ተመኛት። ሐሳቡ አትክልት ሊተክልባት ነው። ሰውየውን ጠራውና ወይ ከዚህ የተሻለ የወይን ቦታ ልስጥህ፣ ወይ ዋጋውን በገንዘብ ልክፈልህ አለው። እውነት እንነጋገር ከተባለ ለንጉሥ ይሄ ትልቅ ጨዋነት ነው፤ "በሦስት ቀን ልቀቅ" የሚል ወረቀት በር ላይ ከመለጠፍ በስንት ጣዕሙ! ናቡቴ ግን የአባቶቼን ርስት አልሰጥም ብሎ ድርቅ አለ። ቀጥሎ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ኤልዛቤል ገባችበት፣ የሐሰት ምስክር ቆመ፣ ናቡቴም በድንጋይ ተወግሮ ሞተ።

ይህ ታሪክ ሲነበብ ሁላችንም የናቡቴ ወገን ነን። ግን እስቲ ንጉሡንና ሚስቱን ከታሪኩ እናውጣቸው። አስገዳጅ የለም፣ የሐሰት ምስክር የለም፣ ድንጋይ የለም። ያለው ጥሩ ዋጋ ይዞ የመጣ ገዢና አባቱ ያወረሰውን መሬት የያዘ ሰው ብቻ ነው። ያን ጊዜ ናቡቴ "አልሸጥም" ቢል ጀግና ነው ወይስ ግትር? "እሺ" ቢልስ ከሃዲ ይባላል? ከአባቱ የተቀበለው ነገር የራሱ ነው ወይስ በእጁ የተቀመጠ የሌላ ሰው አደራ?

ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ አንድ የፈረንሳይ ነጭ ወይን ጠጅ ነው። ስለሱ ልጽፍ መሆኑን የነገርኩት ወዳጄ "ዘይት በዚህ ዋጋ እየተሸጠ አንተ ስለ ፈረንሳይ ወይን ታወራለህ?" ብሎ ተቆጣኝ። አይፈረድበትም። ጠርሙሱ በመቶዎች በሚቆጠር ዩሮ የሚሸጥ መሆኑን ብጨምርለት ደግሞ ከነጭራሹ ሰላምታ ያቆም ነበር። ግን ነገሩ ስለ መጠጡ አይደለም፤ ከመጠጡ በስተጀርባ ስላሉት ልጆች፣ አባቶችና ወንድማማቾች ነው። በዚያ በኩል ከኛ የሚለያቸው ነገር ብዙ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

በምሥራቅ ፈረንሳይ ቡርጎኝ የሚባል አገር አለ። እዚያ ኮርቶን የሚባል ኮረብታ አለ፤ አናቱ ላይ ደን፣ ከደኑ በታች በዙሪያው ወይን የተተከለበት። በአንደኛው ጎኑ የሚመረተው ነጭ ወይን ጠጅ "ኮርቶን ሻርለማኝ" ይባላል። ስሙ ከንጉሥ ሻርለማኝ የመጣ ነው። ንጉሡ እዚያ የነበረውን የወይን ቦታ በ775 ለአንድ ገዳም ሰጠ ይባላል። የአገሩ ሰው የሚያወራው ቀልድ ደግሞ አለ፤ ንጉሡ ቀይ ወይን ሲጠጣ ነጭ ጢሙ ላይ እየተንጠባጠበ ሚስቱን ስላበሳጨ "ጢምህን ከምታበላሽ ነጩን ጠጣ" አለችውና በዚያ ጎን ነጭ ወይን ተተከለ ይላሉ። አክዓብን ያጠፋችው ሚስቱ ናት ይባላል፤ ሻርለማኝን ደግሞ ሚስቱ አጸዳችው ማለት ነው።

ወይኑ ደረቅ ነው። ይህን ቃል ለእኛ ለማስረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ ጠጅ ቤት ገብቶ "ደረቁን አምጪ" ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እርሾው የማሩን ጣፋጭ በልቶ በልቶ ሲጨርስ ጠጁ ይደርቃል። የወይኑም እንደዚያው ነው፤ እርሾው የፍሬውን ስኳር ከሞላ ጎደል ሲጨርሰው ምላስ ላይ የሚቀረው ጣፋጭ ሳይሆን ጎምዛዛውና የአፈሩ ጠባይ ነው ይላሉ። የኮርቶን ሻርለማኝ ደግሞ ሌላ አመል አለው፤ ትኩሱን ከጠጡት ቆጠብ ያለ፣ ፊቱን የማይፈታ ነው። ከልብ የሚጨዋወተው አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። የወይኑ ተክል ራሱ ከተተከለ በኋላ ለፍሬ የሚበቃው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ሲሆን ሥሩ ጠልቆ ጥሩ ፍሬ የሚሰጠው ግን አሥርት ዓመታት ሲያስቆጥር ነው። እንግዲህ ደምሩት። ሃምሳ ዓመት ሞልቶት አዲስ ወይን የሚተክል አባት የዚያን ተክል ምርጥ ጠርሙስ አይከፍትም። ለልጁ፣ ምናልባትም ለልጅ ልጁ ነው የሚተክለው።

በዚህ ኮረብታ ላይ ከታወቁት ቤቶች አንዱ ቦኖ ዱ ማርትሬ ይባላል። መሬቱ 11 ሄክታር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ነጭ፣ ጥቂቱ ቀይ። ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ በአንድ ቤተሰብ እጅ ነበር። የመጨረሻው ወራሽ ዣን ሻርል ለ ቦ ደ ላ ሞሪኒዬር ፓሪስ ውስጥ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ነበር፤ በ1990ዎቹ ሥራውን ትቶ ወደ አባቱ ወይን ተመለሰ። ኬሚካሉን አስወጣ፣ አፈሩን አሻሻለ፣ የቤቱን ስም ከፍ አደረገ። በጥር 2017 ግን ቤቱ አብላጫ ድርሻውን ለአሜሪካዊው ባለሀብት ለስታን ክሮንኬ መሸጡ ተሰማ። ስታን ክሮንኬ ማን ነው የምትሉ ካላችሁ ቅዳሜ ማታ ቀይ ማልያ ለብሶ ከካፌ የሚወጣውን የሰፈራችሁን ልጅ ጠይቁት። የአርሴናል ባለቤት ነው! የናቡቴን ወይን አርሴናል ገዛው ማለት ነው።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚለው "አይ! ሁለት መቶ ዓመት የኖረ የአባት ርስት?" ነው። ቡርጎኝ ውስጥም እንደዚያ ያለ ብዙ ነበር። የሰውየውን ምክንያት የሚያውቀው እሱና ቤተሰቡ ነው፤ እኔ ልፈርድበት አልተነሣሁም። ነገር ግን እዚያ አገር አንድን የወይን ቤት ወደ መሸጥ የሚገፋው ነገር ምን እንደሆነ ማየት ይቻላል። ስናየው ደግሞ የምናገኘው ስግብግብነትን ብቻ ሳይሆን ፍትሕንም ነው። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይሄው ነው።

ከአብዮቱ በፊት በፈረንሳይ፣ በተለይ በመኳንንቱ ዘንድ፣ ውርስ የሚያደላው ለበኩር ልጅ ነበር። ታላቁ ርስቱን ይወርሳል፤ ታናሹ ወይ ወታደር ይሆናል ወይ ይመነኩሳል። ሴቷ ጥሎሽ ይዛ ካልተዳረች ገዳም ትገባለች። ርስቱ አልተቆረሰም፤ ቤተሰቡ ግን ተቆርሷል። አብዮቱ ይህን ሻረ፤ በ1804 የወጣው የናፖሊዮን የፍትሐ ብሔር ሕግም አጸናው። ልጆች ሁሉ፣ ታላቁም ታናሹም፣ ወንዱም ሴቷም፣ እኩል ይካፈላሉ። አባት ቢፈልግ እንኳን አንዱን ልጁን መርጦ ሁሉን ሊሰጠው አይችልም። ዛሬም ቢሆን አንድ ልጅ ያለው ሰው እንደፈለገ ሊናዘዝበት የሚችለው የሀብቱን ግማሽ ነው፤ ሁለት ካሉት ሲሶውን፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሩቡን ብቻ። የቀረው የልጆች ነው።

ይሄ ጥሩ ሕግ ነው። ልጅ በቅድሚያ ስለተወለደ ብቻ ጌታ፣ ኋላ ስለመጣ ደግሞ ሎሌ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ግን እኩልነት ራሱ ሒሳብ ይጠይቃል። በቡርጎኝ የዓለም ምርጥ ነጭ ወይን ይገኝበታል የሚባለው ሞንራሼ ስምንት ሄክታር ገደማ ነው። ጠቅላላው ከአንድ ደህና ገበሬ እርሻ አይበልጥም፤ ባለቤቶቹ ግን ከአሥራ አምስት በላይ ናቸው። መነኮሳት ያለሙት ክሎ ደ ቩዦ የሚባለው የቀይ ወይን ቦታ ደግሞ 50 ሄክታር ገደማ ሲሆን እስከ 1889 ድረስ የአንድ ባለቤት ነበር። ዛሬ ሰማንያ ገደማ ባለቤት አለው። ጥቂት ረድፍ ወይን ብቻ ያላቸው አሉ። ጉዳዩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በእኛ አቆጣጠር እስከ 1967 ድረስ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን እስከ አቅኚ አባቱ ድረስ እየቆጠረ የርስት ድርሻውን ይጠይቅ አልነበር? ስንቱ ሰው ዕድሜውን በፍርድ ቤት ደጅ ጨርሶ ያተረፈው አንዲት ጥማድ መሬት ነው!

አሁን አንድ የማይናቅ ሒሳብ ልሥራላችሁ። በቡርጎኝ ምርጥ የሚባለው መሬት የአንዱ ሄክታር አማካይ ዋጋ ዛሬ ከ6 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው። አንድ አባት እንዲህ ያለ ሦስት ሄክታር ትቶ ሞተ እንበል። ሦስት ልጆች አሉት። አንዷ ሊዮን ከተማ አስተማሪ ናት፣ አንዱ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነው፣ ሦስተኛዋ ከአባቷ ጋር ወይኑ ውስጥ ያደገችና እዚያው የቀረች ናት። በወረቀት እያንዳንዳቸው የስድስት ሚሊዮን ዩሮ ባለቤት ናቸው። ("እንዲህ ያለውን ችግር ለኔም ይስጠኝ!" እንዳላችሁ ይሰማኛል። ትንሽ ታገሡኝ።) የቀረችው ልጅ መሬቱን ሳይቆረስ ልያዘው ካለች ለእህቷና ለወንድሟ 12 ሚሊዮን ዩሮ መክፈል አለባት። ከሦስት ሄክታር ወይን ያ ገንዘብ በዕድሜዋ አይወጣም። በዚያ ላይ የውርስ ግብር አለ፤ ከወላጅ ለልጅ የሚተላለፍ ሀብት ከመጀመሪያው 100 ሺህ ዩሮ በላይ ያለው ግብር ይከፈልበታል፣ ከፍተኛው እርከን 45 በመቶ ይደርሳል። ለእርሻ ድርጅቶች ማቃለያ አለ፤ ቢሆንም ግብሩ የሚሰላው መሬቱ በሚያወጣው ዋጋ እንጂ ወይኑ በሚያስገባው ገቢ አይደለም። መሬቱ የተወደደው ደግሞ ቢሊየነሮች ስለተመኙት ነው። የአክዓብ ምኞት ብቻውን የናቡቴን ግብር ያስወድደዋል ማለት ነው፤ ኤልዛቤልም አላስፈለገች።

እስቲ ፍረዱ። አስተማሪዋ "ድርሻዬን ስጡኝ" ብትል ስግብግብ ናት? የአባቷ ልጅ ናት፤ ቤት ኪራይ ትከፍላለች፣ ልጆች አሏት። "በወረቀት ሚሊየነር ነሽ" ቢሏት በወረቀት ዳቦ አይገዛም። የቀረችውስ ልጅ "አልቆርሰውም" ብትል ግትር ናት? ጥር ላይ ቅዝቃዜው አጥንት እየሰበረ ከወይን ወደ ወይን ጎንበስ እያለች የምትከረክመው እሷ ናት፤ በአንድ ሄክታር ላይ ደግሞ አሥር ሺህ ያህል ተክል ነው ያለው። በሚያዝያ 2021 ውርጭ ቡርጎኝን ሲመታ ገበሬው ሌሊቱን ሙሉ በየረድፉ መካከል ሻማ እያበራ ቡቃያውን ሲያሞቅ አደረ፤ እንዲያም ሆኖ ነጩ ወይን ክፉኛ ተጎዳ። በዚያ ሌሊት አስተማሪዋ ሊዮን ተኝታ ነበር። አላጠፋችም፤ ሥራዋ እዚያ አይደለም። ግን አልነበረችም።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ክርክሩ በክፉና በደግ መካከል ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ አያስፈልገውም ነበር።

እዚህ ላይ ሌላ ቤት ላስተዋውቃችሁ። ከኮርቶን ጥቂት ወደ ደቡብ ሲወርዱ ፑሊኚ ሞንራሼ የሚባል መንደር አለ። እዚያ ለፍሌቭ የሚባል ቤት አለ፤ በነጭ ወይን ስሙ በዓለም የታወቀ። ለዛሬው ይዞታው መሠረት የጣለው ጆሴፍ ለፍሌቭ በ1870 የተወለደ መሐንዲስ ነው። ያኔ ፊሎክሴራ የሚባል ጥቃቅን ነፍሳት ከአሜሪካ መጥቶ የአውሮፓን ወይን ከሥሩ እየበላ ጨርሶት ነበር፤ ቡርጎኝ የደረሰው በ1870ዎቹ ነው። ገበሬው ተስፋ ቆርጦ መሬቱን በርካሽ ሲለቅ ጆሴፍ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጥቂት በጥቂት ገዛ። ይህን አትርሱት። ዛሬ "የአባቶቻችን ርስት" የሚባለው ነገር መነሻው የሌሎች አባቶች መሸነፍ ነው። ያኔ "የአባቴን ርስት እንዴት እሸጣለሁ" እያለ ያለቀሰ ሰው አልነበረም ትላላችሁ?

ሌላም ነገር አለ። ያ በሽታ የተሸነፈው የአሜሪካው ወይን ሥር ነፍሳቱን ስለሚቋቋም የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ በአሜሪካው ሥር ላይ እያጋጠሙ በመትከል ነው። ጆሴፍም መሬቱን ገዝቶ እንደገና የተከለው በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ "ንጹሕ የቡርጎኝ ወይን" ብለው የሚምሉበት ተክል ከሞላ ጎደል ሁሉም ሥሩ ባዕድ ነው። ያኔ "የአያቶቼን ወይን ከባዕድ ሥር ጋር አልቀላቅልም" ያለ ወግ አጥባቂ ወይኑንም ወጉንም ባንድ ላይ ቀብሯል።

ጆሴፍ በ1953 ሞተ። ልጆቹ መሬቱን ቆራርሰው መለያየት ይችሉ ነበር፤ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። አላደረጉትም። በአንድነት ያዙት፤ ኋላም ማኅበር አቋቋሙና የእያንዳንዱ ድርሻ ረድፍ ወይን መሆኑ ቀርቶ አክሲዮን ሆነ። መሬቱ ሳይቆረስ ባለቤትነቱ ተቆረሰ። ሥራውን የሚይዘው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፤ ሌላው እንደየድርሻው ትርፉን ይካፈላል፣ ትርፉ ሲቀንስም ይታገሣል። በ1990 ከወራሾቹ ሁለቱ፣ አን ክሎድ ለፍሌቭና የአጎቷ ልጅ ኦሊቪዬ፣ ሥራውን በጋራ ያዙ። በ1994 እሱ ቀደም ብሎ ወዳቋቋመው የራሱ ንግድ ሲሄድ እሷ ብቻዋን ቀረች።

ይህቺ ሴትዮ ምን አደረገች መሰላችሁ? ከሷ በፊት የነበረው ትውልድ እንደ ጊዜው ሰው ሁሉ ኬሚካል ይጠቀም ነበር። እሷ አፈሩ ሞተ ብላ ተነሣች። ባዮዳይናሚክ የሚባለውን የአስተራረስ ዘዴ በትንሽ ቦታ ላይ ሞከረች። ዘዴው ሩዶልፍ ሽታይነር በ1924 ከሰጣቸው ትምህርቶች የመነጨ ነው፤ ጨረቃን እየተከተሉ መሥራት አለበት፣ የላም እበት በቀንድ ሞልቶ ክረምቱን መሬት ውስጥ መቅበርና አውጥቶ በውሃ በጥብጦ መርጨት አለበት። እኛ ሰፈር አንድ ሰው ሌሊት ቀንድ ሲቀብር ቢታይ ምን እንደሚባል አትጠይቁኝ። ያም ሆነ ይህ በ1997 መላውን መሬት፣ ከ20 ሄክታር በላይ፣ ወደዚያ አዞረችው። የቀንዱ ነገር ይሥራ አይሥራ ሳይንቲስቶች ይከራከሩበት። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። የአባቷን ወይን ለመጠበቅ የአባቷን ዘመን አሠራር ጣለች። ውርስን መጠበቅ ማለት ያገኙትን እንደነበረ መድገም ቢሆን ኖሮ ከሃዲ ተብላ ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚያ ቤት ወራሾች ሁሉ ስሟ ጎልቶ የሚነሣው የሷ ነው።

አን ክሎድ በሚያዝያ 2015 በ59 ዓመቷ አረፈች። ቦታዋን የያዘው ከጆሴፍ የልጅ ልጅ የተወለደው ብሪስ ደ ላ ሞራንዲዬር ነው፤ በውጭ አገር በንግድ ሥራ የኖረ ሰው። ቤቱ የሚሄደው ከአባት ወደ በኩር ልጅ ሳይሆን ከትልቁ ዘመድ መካከል ሥራውን ሊሸከም ወደሚችለው ሰው ነው። ሌሎቹ ባለድርሻዎች ደግሞ ድርሻቸውን ገበያ ላይ አውጥተው ቢሊየነር ሊያጫርቱበት ሲችሉ ይዘውት ይቀመጣሉ። ይህ መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ወይኑ የሚጽፉ ሰዎች የምትደክመውን ሴት ያመሰግናሉ፤ ድርሻውን ሳይሸጥ ሠላሳ ዓመት የታገሠውን ዘመድ ግን ማንም አያመሰግነውም። ወይኑ ያለ እሱም አይኖርም ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን ቤቶች አስተያይተን "አንዱ ሸጠ፣ አንዱ ጠበቀ፤ የጠበቀው ጻድቅ ነው" ብለን ብንዘጋው ቀላል ነበር። እኔ ግን እንደዚያ አይታየኝም። የሸጠውም ቤት ሃያ ዓመት ያህል የደከመ ወራሽ ነበረው፤ ሥራውን ጥሎ መጥቶ መሬቱን ካገኘው አሻሽሎ ነው ያስረከበው። ያልሸጠውም ቤት በርካሽ ከሸጡ ሰዎች የተገዛ ነው። ለኔ ልዩነቱ ያለው ሸክሙ ስንት ሰው ላይ ነው ያረፈው በሚለው ላይ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ውርስም እንደዚሁ ነው።

ይህን ስል የማውቃቸው አምስት እህትና ወንድሞች ትዝ ይሉኛል። አባታቸው ቀደም ብለው አረፉ። እናትየው አልጋ ላይ ስምንት ዓመት ቆዩ። ሁለተኛዋ ልጅ ሳታገባ እዚያው ቤት ቀርታ አስታመመቻቸው። እናት ካረፉና ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ስለ ቤቱ ለመነጋገር ተሰበሰቡ። ውጭ አገር ያለው ታላቅ ወንድም በስልክ ነው፤ ድምፁ ከሁሉም ይበልጣል። "እትብታችን የተቀበረበት የአባታችን ቤት እንዴት ይሸጣል? በአጥንቱ ላይ መረማመድ ነው!" ይላል። ሌላው "እኔ ልጆቼን የማስተምርበት የለኝም፣ ድርሻዬን ስጡኝ" ይላል። ክርክሩ ጦፈ። አንዱ የናቡቴን ታሪክ ሁሉ ጠቀሰ። መሐል ላይ ሽምግልና የተቀመጡት ጎረቤት እናት "ለመሆኑ ልጆቼ፣ ይሄ ጣሪያ ሲያፈስ ያስጠገነው ማነው?" ብለው ጠየቁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ስልኩም ጸጥ አለ። ሁሉም ወደ ሁለተኛዋ ልጅ ዞሩ። "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ሲሏት "እኔ ቤቱን አይደለም የምፈልገው፤ የስምንት ዓመት እንቅልፌን ነው" አለች።

እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ ከፍልስፍና መጽሐፍ አላገኘሁም። ስለ ውርስ ስንከራከር መጀመሪያ የምንጠይቀው "ይሸጥ ወይስ ይቆይ?" ብለን ነው። ጥያቄው ሁለተኛ መሆን ነበረበት። የመጀመሪያው "ማን ተሸክሞታል?" የሚለው ነው። ናቡቴ "አልሸጥም" ለማለት መብት የነበረው ወይኑ የራሱ ስለነበር፣ ላለመሸጥ የሚከፈለውን ዋጋም በገዛ ራሱ ስለከፈለ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ናቡቴ መሆን የምንፈልገው በእህታችን ትከሻ ነው። "የአባቴ ቤት አይሸጥም" ብሎ ለማልቀስ አንድ የስልክ ካርድ ይበቃል፤ ጣሪያውን ለመጠገን ግን እዚያው መሆን ያስፈልጋል።

ድርሻዬን ልውሰድ የሚለውንም ስግብግብ ብለን አንቸኩል። እኩልነት በደም የተገኘ ነገር ነው፤ ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል እንድትቀመጥ ያደረገ ሕግ "ርስት አፈረሰ" ተብሎ አይረገምም። ነገር ግን እኩል ሊካፈሉ የተቀመጡ ሰዎች ትርፉን ብቻ ሳይሆን ድካሙንም ጠረጴዛው ላይ ያምጡት። ስምንት ዓመት ማስታመም ስንት ሄክታር ነው? በውርጭ ሌሊት የበራው ሻማ ስንት አክሲዮን ያወጣል? መልሱ ቁጥር ላይሆን ይችላል፤ ግን ሳይጠየቅ ሲቀር እኩል የተባለው ክፍፍል የተድበሰበሰ ዘረፋ ነው።

ፈረንሳዮች በዚህ ጉዳይ አንድ የማደንቅላቸው ልማድ አላቸው። ብዙ ወላጆች በሕይወት እያሉ ልጆቻቸውን ሰብስበው በውል አዋዋይ ፊት ያካፍላሉ። የየድርሻው ዋጋ በዚያን ቀን ይቆረጣል፤ መሬቱ ነገ ቢወደድም ልጆቹ ተመልሰው "አንቺ የበለጠ ደረሰሽ" ብለው እንዳይካሰሱ ነው። የምትቀረው ልጅ ለምን እንደምትቀር፣ የሚሄደው ልጅ ምን ይዞ እንደሚሄድ አባት ራሱ በአንደበቱ ይናገራል። እኛ ጋ ይህን ለአባት ማንሣት ሟርት ነው። "ገና ሳልሞት ልትቀብሩኝ ነው?" ይባላል። እናም ማንም ሳይናገር ሁሉም በሆዱ እያሰላ እስከ ሠልስቱ ይቆያል። ከሠልስቱ በኋላ ደግሞ የሚናገረው ጠበቃ ነው።

ስለዚህ አባትና እናት ያላችሁ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ አንድ እሑድ ቡናው ሲፈላ ጠይቋቸው። ስለ ገንዘቡ አትጀምሩ። "ይሄን ቤት ማን እንዲጠብቀው ትፈልጋላችሁ? የቀረነው ደግሞ ለእሱ ወይም ለእሷ ምን እናድርግ?" በሏቸው። መጀመሪያ ይቆጣሉ። ሁለተኛ ዝም ይላሉ። ሦስተኛው ላይ ብዙ የሚናገሩት እንዳላቸው ታያላችሁ።